የሰላምታው ሰልፍ

ቡራኬው አልቆ ሰው ወደ በሩ ሲተም፣ አቻን ከአግዳሚው ሥር ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ነበር። በኋላ በር ሹልክ ካላለች አለቀላት። በፊት ለፊቱ በር መውጣት አትችልም፤ እዚያ ሰልፉ አለ።

በዚህች የቆርቆሮ ክዳን ቤተ ክርስቲያን እሁድ ያለ ሰልፉ አያልቅም። መጀመሪያ የወጣው ሰው ደጅ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው እሱን ጨብጦ ከጎኑ ይቆማል፤ ሦስተኛው ሁለቱንም ጨብጦ ይቀጥላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ማንጎው ዛፍ ጋ ይደርሳል። ማንም ማንንም ሳይጨብጥ ወደ ቤቱ አይሄድም። እጁን የነፈገ ሰው ካለ ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው፤ ቂም ይዟል ማለት ነው።

አቻን ቀኝ እጇን በእናቷ ሻርፕ ጠቅልላ ደረቷ ላይ እንደያዘች በኋላ በር ወጣች። ቀና ስትል ሽማግሌ ኦጅዋክ ፊቷ ቆመዋል። ለካ እስከ ዛሬ ስትሸሽ አይተዋታል።

ሽማግሌ ኦጅዋክ የመዘምራኑ መሪ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ባሮ ላይ ጀልባ ሲቀዝፉ ስለኖሩ መዳፋቸው እንደ መቅዘፊያቸው ጠንካራ ነው። ጨብጠው ሲነቀንቁ ልጅ ከነትከሻው ይወዛወዛል፤ ልጆቹ ደግሞ ይህን ይወዱታል። አቻንም ትወደው ነበር።

«አቻን፣ ልጄ! እንዴት ነሽ?» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ገና ሳይነኳት መዳፏ ውስጥ እሳት የተጫረ መሰላት። «ደኅና» አለችና አንገቷን ደፍታ በጎናቸው አለፈች። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ከሰልፉ ጫፍ የቆሙት ሁሉ አዩ። አቻን ዞራ ባትመለከትም ማየታቸውን አውቃለች።

ነገሩ የጀመረው በጥር፣ ከባሮ ውኃ ቀድታ ዳገቱን ስትወጣ ነው። አዳለጣትና በቀኝ እጇ ላይ ወደቀች፤ አንጓዋ ተሰበረ። ጀሶ ያሰረላት ሰው «ጣቶችሽን ቶሎ ቶሎ አንቀሳቅሺ። ካበጠ ወይም ካቃጠለሽ ደግሞ ነገ ዛሬ ሳትዪ ተመለሺ» ብሏት ነበር። እናቷ ይህን ምክር ስትሰማ ሣቀች።

«የተሰነጠቀ ማሰሮ ተለጥፎ ሳይደርቅ ይነቀነቃል እንዴ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቻን ንግሥት ሆነች። ከጀሶው ብቅ ያሉት ጣቶቿ አቧራ እንዳይነካቸው በጨርቅ ተጠቀለሉ። እናቷ አጎረሰቻት፣ ፀጉሯን አበጠረችላት፣ ውኃውን ጎረቤት ቀዳላት። ጣቶቿን ለማንቀሳቀስ በሞከረች ቁጥር «ተዪ! ተዪ አልኩሽ!» የሚል ጩኸት ይመጣል። እውነቱን ለመናገር አቻንም ንግሥትነቱን አልጠላችውም።

በመጋቢት ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ መግጠሙ ተነገራት። እናቷ እልል አለች። አቻን ግን እጇን ስታየው የእሷ አልመስል አላት። አብጧል። ቆዳው ያብለጨልጫል። አንዳንዴ ቀልቶ ይግላል፣ አንዳንዴ ወይን ጠጅ መስሎ ይቀዘቅዛል፤ ግራ እጇ ደረቅ ሆኖ ሳለ ቀኙ ብቻውን ያልበዋል። ሕመሙማ አይነሣ። የቀሚሷ ጫፍ ሲነካው እንደ ጋለ ብረት ይለበልባታል። የተሰበረች ቀን እንኳ እንዲህ አላመማትም። የዳነ እጅ ከተሰበረው ይብሳል እንዴ?

«እማ፣ ያቃጥለኛል» ብላ ነበር አንድ ቀን።

እናቷ ደነገጠች። «እንግዲያው አቦቦ ከተማ፣ አያትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ። እጅሽ እስኪድን እስከ ክረምት ታርፊያለሽ። ትምህርቱ የት ይሄድብሻል?»

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በሰኔ ነው። አቻን ለዚህ ፈተና ስትል ዓመቱን ሙሉ በኩራዝ ስታነብ ኖራለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቷ በጠየቀቻት ቁጥር «ተሽሎኛል» ትላለች፤ እጇንም ከሻርፑ አታወጣም።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ሜላት ከክፍሉ ጀርባ ጥላው ሥር አገኘቻት። ክልሉ አዳዲስ ቢሮዎችን ሲከፍት ከደጋ ተዛውረው ከመጡት ሠራተኞች አንዱ የሜላት አባት ናቸው፤ እናቷ ሲስተር ሙሉብርሃን ደግሞ ጤና ጣቢያ ይሠራሉ። ሜላት ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ከአቻን ጋር አንድ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ሰሞኑን የሁለቱንም ደብተር የምትጽፈው እሷ ናት።

«ትናንት ሽማግሌውን ዘጋሻቸው አሉ» አለች ሜላት።

«አንቺ ደግሞ ከየት ሰማሽ?»

«ጋምቤላ ውስጥ ማስነጠስ ይቻላል እንዴ? እዚህ ካስነጠስሽ ባሮ ማዶ ‹ይማርሽ› ይሉሻል። በይ፣ እጅሽን አሳይኝ።»

«ድኗል አልኩሽ እኮ።»

«አትፎግሪኝ! የዳነ እጅ በሻርፕ ይታዘላል? እናቴ ትየው።»

«እናትሽ ለእናቴ ትነግራለች። እናቴ አቦቦ ትልከኛለች። ከዚያ ሚኒስትሪን ብቻሽን ትፈተኛለሽ።»

«እና በምንሽ ልትጽፊ ነው?»

አቻን በኩራት ደብተሯን ገለጠች። በግራ እጇ ስትለማመድ የሰነበተችው ገጽ ነበር። ሜላት አንገቷን ወዲህም ወዲያም አዘንብላ አየችው።

«ይሄ ‹ሀ› ነው ወይስ ዶሮ ጭራበት ነው?»

ሁለቱም ከት ብለው ሣቁ። እየሣቁ ሳለ ኳስ ሲያሳድድ የመጣ ልጅ የአቻንን ክንድ ገጨት አድርጎ አለፈ። ለልጁ ምንም አልመሰለውም። አቻን ግን በጉልበቷ ተንበረከከች፤ ድምፅ ሳታሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሻርፑ ተንሸራቶ ነበርና ሜላት እጁን አየችው። ሣቋ ከፊቷ ጠፋ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ቃል ግቢልኝ» አለች አቻን።

ሜላት ሻርፑን መልሳ ልታለብሳት እጇን ሰነዘረችና ፈርታ ተወችው። «አልናገርም» አለች በመጨረሻ። «አንቺ ግን ትናገሪያለሽ።»

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሽማግሌ ኦጅዋክ ኦቻላ ከሚባሉ ሌላ ሽማግሌ ጋር ወደ እነ አቻን ቤት መጡ። ኦቻላ ዝምታ የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ለምስክርነት ካልሆነ በቀር የትም አይጠሩም። የአቻን እናት ነገሩ ግራ እየገባት ከኒሙ ዛፍ ሥር በርጩማ አቀረበችላቸው። ኦጅዋክ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አቻንን አስጠሯት።

«ልጄ፣ እኔ ልታረቅሽ ነው የመጣሁት» አሉ። «እጅሽ በጀሶ ታስሮ ሳለ፣ አንቺ የምትመሪውን መዝሙር ለሌላ ልጅ ሰጠሁት። እንድታርፊ ብዬ ነው፤ ግን ሳልነግርሽ አደረግሁት። ለዚህ ነው የተቀየምሽኝ። እሁድ እጄን ስትተዪው ገባኝ።»

አቻን ስለ መዝሙሩ ጨርሶ አላሰበችም ነበር። እውነት ለመናገር መዝሙሩን የወሰደችው ልጅ ከእሷ የተሻለ ትዘምራለች። ሽማግሌው ግን ሳያውቁ መውጫ በር ከፍተውላታል። «አዎ» ብትል እጇን ማንም አይጠይቃትም፤ አቦቦም የለ፣ ምንም የለ።

«አዎ» አለች። «ተቀይሜ ነበር።»

ያላሰበችው ነገር ቢኖር የሚቀጥለውን ነው። ዕርቅ በአፍ ብቻ አያልቅም። ኦጅዋክ ከበርጩማው ተነሡ፤ «ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሉና ያንን ሰፊ እጃቸውን ዘረጉ።

አቻን እጁን አየችው። ግራ እጇን ልትሰጥ አሰበችና ተወችው፤ ግራ እጅ ለዕርቅ ተዘርግቶ አያውቅም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሽማግሌው ሲቀዝፉ ውለው፣ ደክሟቸው፣ ላላጠፉት ጥፋት ከአንዲት ልጅ ይቅርታ ሊለምኑ በእግራቸው መጥተዋል። አቻን አፈረች። እፍረቱ ከሕመሙም ባሰ። በግራ እጇ የሻርፑን ጫፍ ይዛ ቀስ እያለች ፈታችው።

«ውሸቴን ነው፣ አባቴ። ምንም ቂም የለኝም። እጄ ነው።»

እናቷ ያበጠውን፣ የቀላውን፣ ላብ ያቸፈፈውን እጅ ስታይ ጭንቅላቷን ያዘች። «ተሽሎኛል ትዪኝ አልነበር? በቃ! ነገ በመጀመሪያው መኪና አቦቦ!»

«እማ፣ አንድ ጠዋት ስጪኝ» አለች አቻን። «የሜላት እናት ይዩት። እሳቸውም ይረፍ ካሉ ልብሴን ራሴ አዘጋጅቼ መኪናው ላይ እወጣለሁ።»

እናቷ ወደ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረች።

«አንድ ጠዋት ምን አላት» አሉ ኦቻላ። ምሽቱን ሙሉ ሲናገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውስጥ ሲስተር ሙሉብርሃን የአቻንን እጅ ለመንካት አልቸኮሉም። መጀመሪያ ሁለቱንም እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን እንድታስቀምጥ አደረጓትና ዝም ብለው ተመለከቱ፤ መልካቸውን፣ እብጠታቸውን፣ ላባቸውን፣ ጥፍራቸውን። ቀጥሎ ቁራጭ ጥጥ አንሥተው ግራውን ዳሰሱት።

«ይሄ ምን ይመስላል?»

«ጥጥ።»

ቀኙን ዳሰሱት። አቻን ከወንበሩ ተስፈነጠረች።

«ይሄስ?»

«እሳት» አለች እንባዋን እየዋጠች። «ሲስተር፣ እጄ የእኔ አይመስለኝም። አብጃለሁ?»

«አላበድሽም። ሰበብ የምትፈልጊ ሰነፍም አይደለሽም።» ሲስተር ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተጠጓት። «እኔ እዚህ ከመምጣቴ በፊት ቁስለኞች የሚታከሙበት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። አንዳንድ ሰው ላይ አጥንቱ ይድንና ሕመሙ እምቢ ይላል። አደጋው አልፏል፤ ነርቮቹ ግን ገና አላለፈም እያሉ ይጮኻሉ። ሕመሙ እውነተኛ ነው። ከጉዳቱ የበለጠ ሕመም፣ ማቃጠል፣ እብጠት፣ መልክ መለወጥ፣ ላብ፤ እነዚህን አንድ ላይ ካየን ቶሎ መነሣት አለብን።»

አቻን ይህን ሁሉ ለእናቷ በአኙዋክኛ አስረዳች። እናቷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንዲያርፍ ነው አይደል?»

አቻን ጥያቄውን ተረጎመች።

«ማረፉ ነው የጎዳው» አሉ ሲስተር። «ያልተነካ እጅ መነካትን ይፈራል፤ ያልተንቀሳቀሰ እጅ ይደርቃል። ቀስ እያልን ደግመን እናለማምደዋለን። በጉልበት አይደለም፤ አጥብቆ የሚያሽ ሰውም እንዳይነካው። ጥጥ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ፎጣ፣ ቀጥሎ አሸዋ። ጣቶቿን በየቀኑ ታጥፋቸው፣ ትዘርጋቸው። የቻለችውን ሥራ ትሥራ። ደግሞ ደስ ይበላችሁ፤ ሳይደርቅ በጊዜ መጥታለች።»

በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ራጅ አስነሥቶ፣ ቁስልም መግልም አለመኖሩን አረጋግጦ በሲስተር ሐሳብ ተስማማ፤ ልምምዱን እንድትችለው የሚረዳ የሕመም ማስታገሻም አዘዘላት። ሲወጡ እናቷ የጥጡን ጥቅል ይዛ ቆመች።

«ማን ነው የሚነካት?» አለች።

ሲስተር ጥያቄው ሲተረጎምላቸው ፈገግ አሉ። «እርስዎ ነዎታ።»

የመጀመሪያው ቀን የእናትና ልጅ መከራ ነበር። እናቷ ጥጡን ገና ስታስነካት አቻን ጮኸች። እናቷ ጥጡን ጥላ ወደ ውጭ ሮጠች፤ ከኒሙ ሥር ሆና ስታለቅስ ይሰማል። ይህን ያህል ወራት ከነፋስ እንኳ ስትከልለው የኖረችውን እጅ አሁን በገዛ እጇ ልታሳምመው?

አቻን ከወለሉ ጥጡን በግራ እጇ አነሣች። ጥርሷን ነክሳ ቀኙን ራሷ ዳሰሰችው። እንደገና። እንደገና።

«እማ፣ ተመለሺ» ብላ ተጣራች። «አንቺ ዘምሪ፤ እኔ እይዘዋለሁ።»

በዚህ ዓይነት ያቺ ለሌላ ልጅ የተሰጠችው መዝሙር ወደ ቤት ገባች። እናቷ አንዷን ስንኝ እስክትጨርስ ጥጡ እጇ ላይ ይቆያል፤ ስንኟ ስታልቅ ያርፋሉ። ውሎ አድሮ ጥጡን እናቷ ተረከበችው፤ ዘማሪዋ ደግሞ አቻን ሆነች። አንድ ስንኝ ሁለት ሆነ፤ ጥጡ ጨርቅ፣ ጨርቁ ፎጣ ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባሮ ዳር ይወርዱና አቻን ፀሐይ ያሞቀው አሸዋ ውስጥ እጇን ትቀብራለች፤ ጣቶቿ ከአሸዋው ሥር አንድ በአንድ ሲወጡ ሜላት እንደ ኳስ ጨዋታ ታጨበጭባለች።

ሁሉም ቀን አንድ አልነበረም። አንድ ሰኞ እጁ ያለ ምንም ምክንያት አብጦ አደረ፤ እስክሪብቶው ከጣቶቿ መካከል እየሾለከ ወደቀ፣ ወደቀ። አቻን ደብተሯን ገፋ አደረገችው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለች ሜላት።

«እንቁላሉ ሚኒስትሪ የለበትም!»

ሜላት እየሣቀች እስክሪብቶውን አነሣችና ወፍራም እስኪሆን ድረስ ጨርቅ ጠመጠመችበት። አቻን በሁለት እጅ ደግፋ ያዘችው፤ ቀጥሎ በአንድ። አንዲት ፊደል ጻፈች፤ ግንባሯን ላብ አጠመቀው። ሜላት አንገቷን አዘንብላ አየችና «ይሄማ ‹ሀ› ነው» አለች። «ዶሮዋ ተምራለች ማለት ነው።»

በግንቦት ማለቂያ እጇ አልዳነም ማለት አይቻልም፤ ድኗል ማለትም አይቻልም። እብጠቱ ጎድሏል፣ መልኩ ወደ ራሷ መልክ እየተመለሰ ነው። አንድ ገጽ መጻፍ ትችላለች፤ ከዚያ ማረፍ አለባት። ያልጠበቀችው ነገር ሲነካት ግን አሁንም ያቃጥላታል።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ታሪኩን የማያውቅ ሰው አልቀረም። ኦጅዋክ ለምእመኑ ነግረው ተጸልዮላታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያያት እጁን ወደ ኋላው አድርጎ በአንገቱ ብቻ ሰላም ይላታል። በፍቅር ነው። በኋላ በር ስትወጣም የሚቀየም የለም። ደኅና ነበር፤ ግን አንድ ነገር ይከነክናት ጀመር። በዚህ ግቢ ማንም የማይጨብጣት ሰው እሷ ብቻ ናት።

የፈተናው ሳምንት ሊገባ ሲል፣ እሁድ ዕለት፣ ቡራኬው አለቀ። አቻን ነጠላ ጫማዋን አደረገች። ሻርፑን ከአንገቷ ፈትታ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ወደ ፊት ለፊቱ በር አመራች።

ሰልፉን የጀመሩት ሽማግሌ ኦጅዋክ ነበሩ። ሲያዩዋት ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ኋላቸው አጣመሩ። «እለፊ፣ ልጄ፣ እለፊ። ግድ የለም። እኛ እንደሆን ታርቀናል።»

አቻን አላለፈችም። ቀኝ እጇን ዘረጋች።

«አልታረቅንም፣ አባቴ። ሳንጨባበጥ ነው የቀረነው።»

ከኋላዋ ሰው ቆመ፤ ከበሩ ላይ መተላለፊያ ጠፋ። ኦጅዋክ እጁን አዩት፣ እሷን አዩ፣ ከሰልፉ መሐል የቆመችውን እናቷንም አዩ። እናቷ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ግን «ተዪ» አላለችም። ሽማግሌው ሰፊ መዳፋቸውን ከኋላቸው አውጥተው ክፍቱን ያዙላት።

አቻን እጇን እዚያ ላይ አሳረፈችው። አቃጠላት። በልቧ የመዝሙሯን ስንኝ ጀመረች። ሽማግሌው እንደማይጨብጧት ሲገባት ጣቶቿን ራሷ በእሳቸው መዳፍ ላይ አጠፈች። እስከ መጨረሻው አልታጠፉም፤ የታጠፉትን ያህል ጨበጠች፤ ስንኟ እስክታልቅም አልለቀቀችም።

«ይበቃሻል፣ ልጄ?» አሉ ኦጅዋክ።

አቻን ሰልፉን ተመለከተች። ግቢውን ዞሮ ማንጎው ዛፍ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል።

«ገና ነኝ» አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አንድ እርምጃ ተራመደች። ኦቻላ እጃቸውን ከኪሳቸው እያወጡ ነበር።